ቀላልም ጠንካራም፦ ባለ ጎማ ሻንጣ የሚነደፍበት ጥበብ

አንድ መንገደኛ አየር ማረፊያ ደርሶ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠው ሻንጣ ከያዘው ዕቃ ጋር የራሱንም ክብደት ጨምሮ የሚመዘን በመሆኑ፣ የባዶ ሻንጣ ክብደት ከተፈቀደው ኪሎ ላይ አስቀድሞ የሚቀነስ ዕዳ ነው። ብዙ አየር መንገዶች በኢኮኖሚ ማዕረግ ለሚጓዝ ሰው ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ባዶውን 4.5 ኪሎ የሚመዝን ሻንጣ ለባለቤቱ የሚያተርፈው 18.5 ኪሎ ብቻ ነው፤ በመጠን የሚተካከለውና ባዶው 2.8 ኪሎ የሆነ ሌላ ሻንጣ ግን 20.2 ኪሎ ያተርፍለታል። ሁለት ሻንጣ ለሚይዝ ሰው ልዩነቱ 3.4 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ቴል አቪቭ ወይም ወደ ዱባይ ለዘመድ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ይዞ ለሚሄድ መንገደኛ፣ ሚዛኑ ፊት ሻንጣ ከፍቶ ዕቃ ከመቀነስ የሚያድን ልዩነት ነው።

ችግሩ ቅለትና ጥንካሬ አብረው የማይሄዱ መሆናቸው ነው። ንድፍ አውጪው ክብደት የሚቀንሰው ቅርፊቱን በማሳሳት፣ የእጀታውን ቱቦ በማቅጠን፣ ጎማውን በማሳነስ ሲሆን፣ ሻንጣው ከባለቤቱ እጅ ከወጣ በኋላ የሚጠብቀውን መከራ የሚቋቋመውም በእነዚሁ ክፍሎች ነው። ለጭነት የተሰጠ ሻንጣ በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ይንሸራተታል፣ ከአንዱ ቀበቶ ወደ ሌላው ይወድቃል፣ ጋሪ ላይ ይወረወራል፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ሌሎች ሻንጣዎች ይከመሩበታል፣ በመጨረሻም በሌላ አገር ፀሐይ ወይም ውርጭ ላይ ይራገፋል። ስለዚህ ለንድፍ አውጪው ትልቁ ጥያቄ ክብደቱ ከየትኛው ክፍል ቢቀነስ ጉዳት እንደሌለው፣ ከየትኛው ቢቀነስ ደግሞ ሻንጣውን እንደሚገድለው ለይቶ ማወቅ ነው። የዘርፉ የግማሽ ምዕተ ዓመት ልምድ የሚያሳየው፣ ቅርፊቱ በብልሃት ከተሠራ ብዙ ሊሳሳ እንደሚችል፣ በጎማው፣ በእጀታውና በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሚደረግ ቁጠባ ግን ብዙ ሳይቆይ እንደሚያስጠይቅ ነው።

ሻንጣና ጎማ የተገናኙት ዘግይተው ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የአንድ ሻንጣ አምራች ድርጅት ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው በርናርድ ሳዶው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ከቤተሰቡ ጋር ከአሩባ ደሴት ሲመለስ ሁለት ከባድ ሻንጣዎች እየጎተተ ሳለ፣ አንድ የአየር ማረፊያ ሠራተኛ ከባድ ማሽን ጎማ ባለው መድረክ ላይ ጭኖ ያለ ድካም ሲገፋ ያያል። ሳዶው ወደ ሥራው ሲመለስ አራት ትንንሽ ጎማዎች ከሻንጣ ግርጌ ጋር አያይዞ ፊት ለፊቱ የመጎተቻ ማሰሪያ አበጀለት፤ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1972 አገኘ። መደብሮች መጀመሪያ ላይ ዕቃውን ሊቀበሉት አልፈለጉም፤ ሻንጣ በእጅ አንጠልጥሎ መሄድ የወንድነት ምልክት ተደርጎ ይታይ በነበረበት ዘመን፣ ጎማ ለደካማ ሰው የተሠራ መስሎ እንደታያቸው ሳዶው ራሱ ከጊዜ በኋላ ተናግሯል። በመጨረሻ ሜሲስ የተባለው ትልቅ መደብር ተቀብሎ ሸጠው።

የሳዶው ሻንጣ ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም አሠራሩ ጉድለት ነበረበት። ሻንጣው በጠባቡ ጎኑ ቆሞ በልል ማሰሪያ ስለሚጎተት፣ መንገዱ ትንሽ ሲያዘነብል ወይም ሰውየው ሲታጠፍ ይገለበጥ ነበር። ይህን የፈታው የኖርዝዌስት አየር መንገድ የቦይንግ 747 አብራሪ የነበረው ሮበርት ፕላት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ሻንጣውን በቁመቱ አቁሞ፣ በአንደኛው የግርጌ ጠርዝ ላይ ሁለት ጎማ ብቻ ተክሎ፣ በማሰሪያው ፈንታ ተስቦ የሚወጣ ጠንካራ እጀታ አደረገለት። መጀመሪያ የሸጠው ለሥራ ባልደረቦቹ፣ ማለትም ለአብራሪዎችና ለበረራ አስተናጋጆች ነበር፤ ተሳፋሪዎች በአየር ማረፊያ መተላለፊያዎች ላይ እያዩት ሲጠይቁ ገበያው በራሱ ሰፋ፣ እሱም ትራቭልፕሮ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ።

የፕላት ሻንጣ የሠመረበት ምክንያት በሜካኒክስ ቋንቋ መፈንቅል፣ ማለትም በአንድ ነጥብ ላይ ተደግፎ ኃይልን የሚያከፋፍል ዘንግ በመሆኑ ነው። ሻንጣው ሲጋደም የጎማው ዘንግ መደገፊያ ይሆናል፣ የዕቃው የክብደት ማዕከል ለጎማው ይቀርባል፣ እጁ ደግሞ ከሩቅ ጫፍ ይይዛል፤ ከእጀታ እስከ ጎማ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ሻንጣ የክብደት ማዕከሉ ከጎማው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍ፣ 20 ኪሎ ከሚመዝነው ሸክም በእጅ ላይ የሚቀረው 6 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፣ የተቀረውን ጎማው ይሸከመዋል። ጫማ፣ መጽሐፍና ሌላ ከባድ ዕቃ ከጎማው በኩል እንዲታሸግ የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ ያው ዕቃ ከእጀታው በኩል ቢታሸግ የሻንጣው ጠቅላላ ክብደት ሳይለወጥ የእጅ ድካሙ ይጨምራል።

ቅርፊቱ፣ ማለትም ዕቃውን የሚሸፍነው የሻንጣው ውጫዊ አካል፣ ገዢው መጀመሪያ የሚያየውና የሚዳስሰው ክፍል ሲሆን፣ በክብደት ቅነሳ ረገድም ትልቁ ድል የተገኘው እዚሁ ላይ ነው። በጀርመን ኮሎኝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1898 የተመሠረተው ሪሞዋ የተባለ ድርጅት በ1930ዎቹ እንጨቱን ትቶ ወደ አሉሚኒየም የተሸጋገረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ደግሞ በሻንጣው ላይ ዛሬም መለያው የሆኑትን ጎድጓዳ መስመሮች አወጣበት። መስመሮቹ ዩንከርስ ከሚባሉት የጀርመን ሙሉ ብረት አውሮፕላኖች ሰውነት የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ዋና ጥቅማቸው ከጌጥነት ያለፈ ነው። የአንድ ሉህ ግትርነት፣ ማለትም መታጠፍን የመቃወም አቅሙ፣ ከውፍረቱ ኩብ ጋር ይሄዳል፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀነስ ግትርነቱ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል ማለት ነው። ይህን የጠፋ ግትርነት ክብደት ሳይጨምር የሚመልሰው ቅርጽ ነው፤ ለጥ ያለ ቆርቆሮ በሁለት እጅ የሚጠቀለል ሲሆን፣ ያው ቆርቆሮ ሞገድ ሲወጣለት ግን ጣሪያ የሚመታውን ሠራተኛ ይሸከማል። ዛሬ በገበያ ላይ በሚታዩት የፕላስቲክ ሻንጣዎች ላይ ያሉት መስመሮችና ሸንተረሮችም ሥራቸው ይኸው ነው፤ ምንም መስመር የሌለው ለስላሳ ሻንጣ ቀላል ነው ከተባለ፣ ገዢው ሰፊውን ገጽ በመዳፉ ተጭኖ ቢመለከት አይከፋም።

አሉሚኒየም አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ 2.7 ግራም ይመዝናል። ፖሊካርቦኔት 1.2፣ ኤቢኤስ ከ1 ጥቂት ከፍ ያለ፣ ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ 0.9 ግራም ያህል ነው፤ ይህ የመጨረሻው ከውሃም የሚቀልና የሚንሳፈፍ ነው። እነዚህ ሦስት ፕላስቲኮች ከውጭ ሲታዩ እምብዛም ባይለያዩም ምት ሲያርፍባቸው የሚያሳዩት ጠባይ በእጅጉ የተለያየ በመሆኑ፣ ቀላልና ዘላቂ ሻንጣ የሚፈልግ ሰው ከቀለሙ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው የተሠራበትን ፕላስቲክ ነው።

ኤቢኤስ ከሦስት ኬሚካሎች የተቀመመ፣ ርካሽ፣ ግትርና በቀላሉ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ድክመቱ በብርድ ጊዜ እየገረረ በጠርዙ ላይ ሲወድቅ የሚሰነጠቅ መሆኑ ነው። ፖሊካርቦኔት እ.ኤ.አ. በ1953 በባየር ኩባንያ የሠራው ሄርማን ሽኔል ያገኘው ሲሆን፣ የመከላከያ መነጽርና የጥይት መከላከያ መስታወት ይሠራበታል፤ ምት ሲያርፍበት ገባ ብሎ ኃይሉን ከተቀበለ በኋላ ወደ ቦታው የሚመለስ ስለሆነ፣ በመጫን ብዛት የታመቀ ሻንጣ ሲራገፍ ቅርጹን መልሶ ይይዛል። ሪሞዋ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዚህ ፕላስቲክ የተሠራ ሻንጣ ካወጣ በኋላ ሌሎችም ተከትለውታል። ይሁን እንጂ ፖሊካርቦኔት ቶሎ ይጫጫራል፣ በጠንካራ ማጽጃ ኬሚካሎች ሲታሽ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ሊፈጠሩበት ይችላሉ፤ ስለዚህ ሻንጣውን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማጠብ ይበቃል። በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡ ብዙ ሻንጣዎች የሁለቱ ቅልቅል ሲሆኑ፣ አንዳንድ ሻጮች በጣም ጥቂት ፖሊካርቦኔት ያለበትን ቅልቅል «ፖሊካርቦኔት» ብለው ስለሚጠሩት በመለያው ላይ የተጻፈውን በጥንቃቄ ማንበብ ተገቢ ነው።

ከፕላስቲኩ ዓይነት እኩል የሚያስፈልገው፣ ብዙ ገዢዎች ግን የማያውቁት ነገር የአሠራሩ መንገድ ነው። አብዛኛው የፖሊካርቦኔትና የኤቢኤስ ቅርፊት የሚሠራው ለጥ ያለ የፕላስቲክ ሉህ እስኪለሰልስ ድረስ ሞቆ በፎርማ ላይ ከተዘረጋ በኋላ አየሩ ከሥር ተመጥጦ ፎርማው ላይ እንዲለጠፍ በማድረግ ነው። ሉሁ ወደ ፎርማው ጥልቀት ሲሳብ ይለጠጣል፤ ከሁሉ በላይ የሚለጠጠውም ማዕዘኑ ላይ ነው። ስለዚህ ሻንጣው ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚነካው ማዕዘን፣ ከቅርፊቱ ሁሉ የሳሳው ክፍል ሆኖ ይገኛል። ንድፍ አውጪዎች ይህን የሚያርሙት ማዕዘኑን ክብ በማድረግ፣ መጠበቂያ ቁራጭ ከውጭ በመግጠም ወይም ሉሁ ከመሳቡ በፊት የሙቀቱን ሥርጭት በማስተካከል ነው። ፖሊፕሮፒሊን በአንጻሩ ብዙ ጊዜ ቀልጦ በግፊት ወደ ዝግ ፎርማ ስለሚገባ፣ ንድፍ አውጪው ማዕዘኑን ወፈር፣ ገጹን ሳሳ ማድረግ ይችላል፤ ኪሳራው ፎርማው እጅግ ውድ መሆኑና ተራ ፖሊፕሮፒሊን ከዜሮ ዲግሪ በታች ባለ ብርድ የሚሰባበር በመሆኑ ልዩ ቅመም የሚፈልግ መሆኑ ነው።

በዚህ ረገድ ትኩረት የሚገባው ግኝት ራሱን በራሱ ያጠናከረ ፖሊፕሮፒሊን ነው። የተለጠጡ የፖሊፕሮፒሊን ክሮች እንደ ጨርቅ ተሸምነው፣ ከዚያው ከፖሊፕሮፒሊን በተሠራ ማያያዣ በሙቀትና በግፊት አንድ ላይ ይጣበቃሉ፤ ክሩ ጉተታውን ይቋቋማል፣ ማያያዣው ቅርጹን ይይዛል። ጀርመን ውስጥ የሚመረተውና ከርቭ የሚባለው ዓይነት፣ ሳምሶናይት ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮስሞላይት በተሰኘው ሻንጣው ላይ የተጠቀመበት ሲሆን፣ ቅርፊቱ በጣም የሳሳ ሆኖ ሳለ ሲመታ ከመሰንጠቅ ይልቅ ይሰረጎዳል። በዚህ ጽሑፍ እምነት በዘርፉ ከታዩት ለውጦች ሁሉ ቅለትንና ጥንካሬን በእውነት ያስታረቀው ይህ ነው፤ ዋጋው ግን ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው።

የጨርቅ ሻንጣም ቦታውን አልለቀቀም። የጨርቅ ውፍረት የሚነገርበት መለኪያ ዴኒየር ይባላል፤ 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር በግራም የሚመዝነው ማለት ነው። ባሊስቲክ ናይለን የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአየር ኃይል ሠራተኞች መከላከያ ጃኬት የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬ ለጠንካራ ሻንጣዎች የሚውለው ብዙ ጊዜ 1,680 ዴኒየር ነው። ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ፖሊስተር ከናይለን ይልቅ በፍትጊያ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መግዛት ያሳስታል። ጨርቅ አይሰነጠቅም፣ ትንሽ ዕቃ ሲጨመርበት ይለጠጣል፣ ሲቀደድም በየሰፈሩ ያለ ጫማ ሰፊ ይሰፋዋል፤ ይህ የመጨረሻው ጥቅም ለኢትዮጵያ መንገደኛ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም።

ወደ ጎማው ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ትንሽ ጎማ ይቀላል፣ ከሻንጣው መጠን ላይም ጥቂት ብቻ ይወስዳል፤ ይህ ሁለተኛው ነጥብ ቸል የሚባል አይደለም፣ ምክንያቱም አየር መንገዶች የሻንጣን ቁመት የሚለኩት ጎማውን ጨምረው በመሆኑ፣ ለጭነት ከሚፈቀደው 158 ሴንቲ ሜትር የቁመት፣ የወርድና የጎን ድምር ላይ ረጅም ጎማ ከዕቃ ቦታ ይሻማል። ትንሽ ጎማ ግን ጥሩ ወለል ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። 20 ኪሎ ያረፈበት ጎማ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ጠርዝ ሲያጋጥመውና በአግድም ሲጎተት፣ ዲያሜትሩ፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ጠርዙን ለመውጣት 27 ኪሎ ገደማ የማንሳት ያህል ኃይል ይጠይቃል፤ ዲያሜትሩ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን የሚፈለገው ኃይል ወደ 18 ኪሎ ይወርዳል። የ3 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከጉተታው ላይ አንድ ሦስተኛውን አነሳ ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ እጅ የሚሰማው ይህ ጉተታ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ በጎማው ዘንግና ዘንጉ በተተከለበት ፕላስቲክ ላይ የሚያርፍ ምት ነው። ከታክሲ ወርዶ በአዲስ አበባ የኮብልስቶን ቅያሶች ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው፣ በጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ጎማው ላይ የሚያወርደው የምት ብዛት በማንኛውም የአየር ማረፊያ እምነ በረድ ላይ ከሚያጋጥመው ሁሉ ይበልጣል። ለእንዲህ ያለው መንገድ የተሻለው ሻንጣ ሰፋ ያሉ ሁለት ጎማዎች ያሉት ሲሆን፣ ይህ ዓይነቱ ሻንጣ አሁን ከመደብር መደርደሪያ እየጠፋ መሄዱ የሚያሳዝን ነው።

መደርደሪያውን የያዘው በየአቅጣጫው የሚዞር አራት ጎማ ያለው ሻንጣ ነው። እዚህ ላይ ክብደቱ ሁሉ በጎማዎቹ ላይ ስለሚያርፍ እጅ ምንም አይሸከምም፣ በጠባብ መተላለፊያም ሻንጣውን በጎን መግፋት ይቻላል። እያንዳንዱ ጎማ የሚዞረው በቀጥ ባለ ምሰሶ ዙሪያ ሲሆን፣ የጎማው ዘንግ ከዚህ ምሰሶ ጥቂት ወደ ኋላ ተገፍቶ ይተከላል፤ ሻንጣው ሲገፋ ጎማው ምሰሶውን ተከትሎ እንዲሰለፍ የሚያደርገው ይህ ርቀት ነው። ርቀቱ ሲያጥር ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ ሲረዝም ደግሞ ወደ ውጭ የወጣው ክንዱ በቀላሉ ይሰበራል። ጎማዎቹ ከሻንጣው በታች ተንጠልጥለው የሚታዩ በመሆናቸው ቀበቶ ላይ ሲንሸራተቱ የመጀመሪያዎቹ ተጠቂዎች እነሱ ናቸው፤ ሁለቱ የፕላት ዓይነት ጎማዎች ግን ከአካሉ ውስጥ ግማሽ በግማሽ ተቀብረው ስለሚቀመጡ ይጠበቃሉ።

ሁለት ጎማ ያለውም ቢሆን የራሱ ጠባይ አለው፤ በፍጥነት ሲጎተት ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ እስከ መገልበጥ ይደርሳል። በፓሪስ ዲደሮ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ይህን መወዛወዝ በሞዴል ሻንጣ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የምርምር መጽሔት ላይ ያወጡት ውጤት፣ ሰው በደመ ነፍስ ከሚያደርገው የተቃረነ ነው፦ ሻንጣው መወዛወዝ ሲጀምር ከመቆም ይልቅ ፍጥነት መጨመር ወይም እጀታውን ዝቅ አድርጎ ሻንጣውን ወደ መሬት ማቅረብ መወዛወዙን ያበርደዋል።

በጎማው ውስጥ ደግሞ ኩሽኔታው፣ ማለትም ጎማው በዘንጉ ላይ የሚዞርበት ክፍል አለ። ርካሽ ጎማ በዘንጉ ላይ ፕላስቲክ በብረት እየተፋተገ የሚዞር ሲሆን፣ ጥሩው ግን በብረት ኳሶች ላይ የሚንከባለል የታሸገ ኩሽኔታ አለው፤ በሮለር ስኬት ጫማዎች ላይ የተለመደውና መሐሉ 8 ሚሊ ሜትር፣ ዳሩ 22 ሚሊ ሜትር የሆነው ዓይነት በብዙ ሻንጣዎች ላይ ይገኛል፣ ለብቻውም ይሸጣል። ጎማው ላይ የሚለብሰው ፖሊዩሪቴን የሚባለው ለስላሳ ቁስ ድምፅን ያበርዳል፣ ምትንም ይቀበላል፤ ሆኖም እርጥበት ቀስ በቀስ ስለሚበላው፣ ቁምሳጥን ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ሻንጣ አንድ ቀን ሲወርድ ጎማው እንደ ደረቀ ጭቃ ሊፈረካከስ ይችላል። እርጥበት በሌለበት ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያራዝመዋል።

ስለ እጀታው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከአሉሚኒየም ቱቦዎች የሚሠራ ሲሆን፣ ቱቦዎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገቡ ይረዝማሉ፣ ያጥራሉ። ሲወጣ ትንሽ ነቅነቅ ማለቱ ብዙ ገዢዎችን የሚያሳስብ ቢሆንም፣ መጠነኛ ልልነት የንድፉ አካል ነው፤ ፈጽሞ የማይነቃነቅ ረጅም እጀታ ሻንጣው በድንገት ሲያዝ ኃይሉን ሁሉ ወደ መጋጠሚያው ስለሚልከው እዚያው ሊሰበር ይችላል። ወደ መዝጊያው ሲመጣ፣ ዚፕ ላይ የሚታየው ቁጥር በግምት ሲዘጋ የጥርሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለትልቅ ሻንጣ ከ8 በታች ያለ ዚፕ መምረጥ አይመከርም። ተራ የጠመዝማዛ ዚፕ በብዕር ጫፍ ተወግቶ ሊከፈትና በመሳቢያው መልሶ ሊዘጋ እንደሚችል በጉምሩክና በፖሊስ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ውድ ዕቃ የያዘ ሰው ወይ ሁለት ድርብ ጥርስ ያለውን ዚፕ፣ ወይ በአሉሚኒየም ክፈፍና በመቆለፊያ የሚዘጋውን ሻንጣ ይመርጣል፤ ክፈፉ ግን ክብደት ይጨምራል።

አምራቾች እነዚህን ክፍሎች ለገበያ ከማቅረባቸው በፊት ይፈትኗቸዋል። የተሞላ ሻንጣ ውስጡ ጉብታ ባለው ትልቅ ተሽከርካሪ በርሜል ውስጥ ገብቶ ይንከባለላል፣ ጎማው ጉብታ ባለበት ቀበቶ ላይ ለብዙ ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ እጀታው በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሳባል ይገባል፣ ሻንጣው በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ አድሮ በማዕዘኑ ላይ ይጣላል። ይህ ሁሉ ጥሩ ቢሆንም፣ ፈተናው የማይነግረው አንድ ነገር አለ፤ እሱም አንድ ክፍል ሲበላሽ ሻንጣው በምን ያህል ቀላልነት ሊጠገን እንደሚችል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም እዚህ ላይ ነው። ዘላቂ ሻንጣ ማለት ፈጽሞ የማይሰበር ሻንጣ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሻንጣ የለም፣ ቢኖርም በክብደቱ ምክንያት ማንም አይዘውም። ጎማና እጀታ መንቀሳቀስ ሥራቸው ስለሆነ ከቅርፊቱ ቀድመው ያልቃሉ፤ ስለዚህ አስተዋይ ንድፍ ቀድሞ የሚያልቀውን ክፍል በቀላሉ የሚለወጥ ያደርገዋል። በብዙ ርካሽ ሻንጣዎች ላይ ግን ጎማው በሪቬት፣ ማለትም አናቱ ተቀጥቅጦ በሚዘጋ የማይፈታ ምስማር የተያዘ በመሆኑ፣ አንድ ጎማ ሲሰበር ጤናማ ቅርፊት፣ ጤናማ ዚፕና ጤናማ እጀታ አብረው ይጣላሉ። በብሎን የተያዘ ጎማ ግን በካቻቢቴ ተፈትቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሊለወጥ ይችላል፤ የዚህ ንድፍ ተጨማሪ ክብደት ጥቂት ግራም፣ ተጨማሪ ወጪውም ትንሽ ነው። አምራቹ ይህን የሚተወው ስለማይችል ሳይሆን ገዢው ስለማይጠይቅ ነው።

ስለዚህ ሻንጣ የሚገዛ ሰው መደብር ውስጥ ሳለ ዚፑን ከፍቶ የውስጥ ሽፋኑን ገለጥ በማድረግ ጎማውና እጀታው በብሎን ወይስ በሪቬት እንደተያዙ ይመልከት፤ የጎማውን ስፋት በጣቶቹ ይለካ፣ ከሚሄድበት መንገድ ጋርም ያመዛዝን፤ ባዶ ክብደቱን በመለያው ላይ ያንብብ፤ ለሻጩም «የዚህ ሻንጣ መለወጫ ጎማ ይገኛል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ሻንጣው የቱንም ያህል ቢቀልና ቢያምር፣ ገንዘቡን ለሌላ ያውለው።